ረቡዕ ዕለት የነካሁት ሁሉ

ብሎኬት ሊገድለኝ ይችላል። ኤሌክትሪክ ሊገድለኝ ይችላል። ያልታሰረ መሰላል ደግሞ ከሁለቱም ይብሳል። ይህን ሁሉ አሳምሬ አውቃለሁ፤ እንጀራዬም ነው። አንድ ቁራሽ ፎርማጆ ጉድ ይሠራኛል ብዬ ግን በሕልሜም አላሰብኩም። ሠራኝ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ሙያዬ የሥራ ደኅንነት ነው፤ በሕንፃ ሠራተኛው አጠራር «ሴፍቲ»። ቆብ ያላደረገውን ከሥራ ቦታ አባርራለሁ፤ ቀበቶ ያላሰረውን ከፎቅ አስወርዳለሁ፤ በዚህም የተነሣ ማንም አይወደኝም። ከላይ የሚወድቅ ነገር ይኖራል እያልኩ መንገድ ላይ እንኳ ሰማይ ሰማይ እያየሁ ነው የምሄደው። በዚሁ ጥንቃቄዬ ሁለት ጊዜ ክፍት ጉድጓድ ውስጥ ገብቻለሁ።

የምሠራበት ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ሲደርስ ቆመ። እኔም ሰባት ወር ቤቴ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ሰሞን ባለቤቴ «ዛሬስ ደወሉልህ?» ትለኝ ነበር፤ በኋላ መጠየቁን ተወችው፤ ከመጠየቁ ይልቅ መተዉ አመመኝ። በመጨረሻ አንድ የሕፃናት ምግብ ፋብሪካ ሊቀጥረኝ ተስማማ፤ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። ከሌላ ሙያ ወደ ምግብ ሥራ ለሚዛወሩ የደኅንነት ሰዎች የሚሰጥ የሦስት ቀን ስልጠና አለ፤ የእሱን ምስክር ወረቀት ካመጣሁ ሰኞ ሥራ እጀምራለሁ፤ ካላመጣሁ ሰኞም እንደ ሌላው ሰኞ ቤቴ እውላለሁ። እኔ ደግሞ ስልጠናው ሳይጀመር ለጎረቤት፣ ለዕድሩ ዳኛና ለአማቴ «አልፌያለሁ» ብዬ ነግሬ ጨርሼ ነበር።

ስልጠናው ካዛንቺስ ነው። አቅጣጫ የጠየቅኩት ሰው «ከዳቦ ቤቱ አለፍ ብለህ፣ በሻይ ቤቱ ጀርባ ታጠፍ» አለኝ። ሄጄ ባየው ዳቦ ቤቱም የለም፤ ሻይ ቤቱም የለም፤ ሁለቱም ፈርሰዋል። የካዛንቺስ ሰው አሁንም በሌለ ቤት ነው አቅጣጫ የሚነግራችሁ፤ የሚገርመው ደግሞ ትደርሳላችሁ። በቆርቆሮ የታጠረ ባዶ ሜዳ መካከል አንድ አሮጌ ሕንፃ ለብቻው ቆሟል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ የሰው ድምፅ የለም፤ ቆርቆሮውን ንፋስ ሲያንኳኳው ብቻ ይሰማል። ድሮ የእንግዳ ማረፊያ ነበር አሉ። የስልጠናው ቦታ ከምድር በታች ያለው ትልቁ ወጥ ቤት ነው።

አሰልጣኛችን ወይዘሮ ጽጌ ይባላሉ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ለመስማት ጎንበስ ማለት አለባችሁ። ወይዘሮ ጽጌ በባዶ እጃቸው ምንም ነገር አይነኩም። በር በክርን ይገፋሉ፤ መብራት በክርን ያበራሉ። ሻይ ሲጠጡ አላየኋቸውም፤ ሲቀመጡም አላየኋቸውም። በመጀመሪያው ቀን ቆቤን አድርጌ፣ አንጸባራቂ ሰደርያዬን ለብሼ፣ ብረት አፍንጫ ጫማዬን ተጫምቼ ስገባ ከራስ እስከ እግር አዩኝ።

«በአንተ ሥራ አደጋው የሚመጣው ከየት ነው?» አሉኝ።

«ከላይ ነው፤ በብዛት።»

«እዚህስ?»

ቀና ብዬ ኮርኒሱን አየሁ። አንድ አምፖል ላላ ብሏል፤ እሱን ልናገር አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«እዚህ አደጋው አንተ ነህ» አሉኝ፤ በዚያች ዝግ ባለች ድምፅ። «እስከ ዛሬ ሰውን ከዕቃ ስትጠብቅ ኖረሃል። ከእንግዲህ ምግቡን ከሰው ነው የምትጠብቀው። መጀመሪያ የምትጠብቀው ደግሞ ከራስህ።»

ያን ቀን ቤቴ ገብቼ እጄን ደጋግሜ አየሁት። ምንም አልነበረበትም፤ የፈራሁትም ለዚሁ ነው።

ሠልጣኞቹ ሦስት ብቻ ነን። አንዷ ሄለን ናት፤ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የመጣች፣ ፈጣን ልጅ። ሁለተኛው ጋሽ ሙሉጌታ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን እሳት ሲያጠፉ የኖሩ ጡረተኛ፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ያንኑ የድሮ ከባድ ካፖርታቸውን በፀሐይም የማያወልቁ። ከእኛ ሌላ ሕንፃው ውስጥ ያሉት ወጥ ቤቱን የሚይዙት እትዬ አስካለ ናቸው፤ ሻይ ያፈሉልናል፣ የማቀዝቀዣ ክፍሉ ቁልፍም እሳቸው ዘንድ ነው።

ሦስተኛው ቀን ረቡዕ ነበር። ወይዘሮ ጽጌ ገና ሳንቀመጥ ጀመሩ።

«ዛሬ ጠዋት ከመግባታችሁ በፊት በዚህ ሕንፃ ውስጥ አንድ ነገር ላይ ዱቄት አድርጌያለሁ። ሰው አይጎዳም፤ በዓይን ግን አይታይም። ከእጅ ላይ በሳሙና ካልታሸ አይለቅም። ማታ ከመውጣታችሁ በፊት በእኔ መብራት እናየዋለን። የተገኘበት ሰው ከመነሻው ጀምሮ የነካውን ቦታና ሰው ሁሉ በዝርዝር ይጽፋል። ፈተናው እሱ ነው። ዝርዝሩ ከጎደለ ምስክር ወረቀት የለም።»

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሦስታችንም እጃችንን ወደ ላይ ይዘን መሄድ ጀመርን። ሄለን ወንበር በእግሯ ሳበች። ጋሽ ሙሉጌታ እጃቸውን ካፖርታቸው ኪስ ከተው ቀሩ። እኔ የደረጃውን መደገፊያ ጠረጠርኩ፤ ልምድ ያለው ሰው ነኛ! በሩን በክርኔ፣ ቧንቧውን በክርኔ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ስልኬን በአፍንጫዬ ከፈትኩ። በልቤም «እኔን አታገኙኝም» እያልኩ ነበር።

አራት ሰዓት ላይ ለሻይ ስንወጣ የማቀዝቀዣ ክፍሉ በር ገርበብ ብሎ አየሁት። እንግዲህ የሙያ ነገር ሆነና አንድ ጥያቄ መጣብኝ፤ ሰው ውስጥ ቢቀር ከውስጥ የሚከፈትበት እጀታ አለ? ገባሁ። በሩ ከኋላዬ ተዘጋ፤ መብራቱም አብሮት ጠፋ።

ጨለማው ድፍን ነው። ከጣሪያው ማራገቢያው ያቃስታል። ልዞር ስል አንድ ቀዝቃዛና እርጥብ ነገር ማጅራቴን ዳበሰኝ። ጮህኩ። በኋላ ሳስበው በሩ ላይ የተንጠለጠለው የፕላስቲክ መጋረጃ ነው፤ ያኔ ግን ይህን የሚነግረኝ ማን ነው? ሦስት የጸሎት ቃል ብጀምር አንዱንም አልጨረስኩትም። እጀታውን ፍለጋ በሁለት እጄ ስዳብስ መደርደሪያ አገኘሁ፤ መደርደሪያው ላይ አንድ ለስላሳ፣ ክብ፣ ራስ የሚያህል ነገር። ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት፤ ፎርማጆ ነው።

ወይዘሮ ጽጌ በመጀመሪያው ቀን «ይህ የስልጠና ዕቃ ነው፤ ማንም አይንካው» ያሉት ያው ፎርማጆ ነበር። ረቡዕ መሆኑንም አልረሳሁም። ቁርስ አልበላሁም፤ ፍርሃት ደግሞ ያስርባል። እንግዲህ ምን ልበላችሁ፤ ቆርሼ በላሁ። ሁለተኛውን ቁራሽ እንደዋጥኩ እጀታው እጄ ገባ፤ ስገፋው በሩ ተከፈተ፤ መጋረጃውን በፊቴ ሰንጥቄ ወጣሁ። እጄን በሱሪዬ ጠረግኩና ሻዬን ጠጥቼ ብርጭቆውን ለእትዬ አስካለ መለስኩ።

ምሳ ኡራኤል አካባቢ በየዓይነቱ በላን። ጋሽ ሙሉጌታ በጾም ነገር ቀልድ አያውቁም። ስኳር ስላለባቸው ንስሐ አባታቸው በቀትር እንዲበሉ ፈቅደውላቸዋል እንጂ ፍስክ የነካውን ነገር በሩቁ ነው የሚሸሹት። አስተናጋጁን ጠርተው «መጥበሻው ለብቻ ነው?» አሉት።

«ሚካኤልን፣ አባቴ! ጭልፋው ራሱ ለብቻ ነው።»

እጄን ልታጠብ ሄድኩ፤ ሳሙናው አልቋል፤ ውኃ አስነካሁትና ተመለስኩ። ከዚያ ደግሞ የሆዴን ጸጸት በደግነት ልሸፍን ፈለግኩ መሰለኝ፣ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልዬ ወደ ጋሽ ሙሉጌታ ዘረጋሁ።

«ተው ልጄ፣ የራሴ እጅ ይበቃኛል።»

«በሞቴ!»

«ተው እንጂ።»

«በሞቴ አልኩ እኮ፣ ጋሼ!»

በሞቴ ከተባለ ምን ይደረጋል? አፋቸውን ከፈቱ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብዬ ደገምኩ። ሄለንንም «ኧረ ሊፕስቲኬን!» እያለች ሁለት ጊዜ አጎረስኳት።

አሥር ሰዓት ላይ ወይዘሮ ጽጌ መብራቱን በክርናቸው አጠፉ። ከምድር በታች ነንና ጨለማው ጨለማ ነው። ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ አንድ ሐምራዊ ብርሃን በራ። መጀመሪያ ጋሽ ሙሉጌታ ላይ አረፈ። ፊታቸው አይታይም፤ ከንፈራቸውና የጢማቸው ጫፍ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ በጨለማው ውስጥ ተንጠልጥሏል። ቀጥሎ ሄለን፤ እሷም አፏ ብቻ። አንዱ አፍ ለሌላው አፍ እየጮኸ ነበር። ከዚያ ብርሃኑ ወደ እኔ ዞረ።

እኔስ ማብራት ብቻ አይደለም። እጄ፣ ሱሪዬ፣ ጆሮዬ፣ ያከክሁት ራሴ፣ ሰደርያዬ፣ ስልኬ፣ አፍንጫዬ።

«አምላኬ! አንተ ነህ!» አለች ሄለን። «ሙድ እየያዝክብን ነው እንዴ? በክርንህ በር ስትከፍት አልነበር እንዴ?»

ወይዘሮ ጽጌ አልሳቁም። «መነሻውን አሳየን» አሉኝና መብራቱን እጄ ላይ አስቀመጡት።

የራሳችሁን ዱካ ተከትላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ከፊት፣ ሦስቱ ከኋላዬ፤ ወደ ኋላ ወደ ጠዋቱ መሄድ ጀመርን። የመጸዳጃ ቤቱ በር ላይ እጄ አለ። የወንበሬ ጀርባ ላይ እጄ አለ። ግድግዳው ላይ፣ መቼ እንደተደገፍኩት የማላውቀው ቦታ ላይ፣ አምስት ጣት ተዘርግቶ ይጠብቀኛል። የደረጃው መደገፊያ ግን ንጹሕ ነው። መንገዱን የማውቀው እኔ ብቻ ስለሆንኩ እግሬ ከበደኝ። ወደ ማቀዝቀዣ ክፍሉ በቀረብን ቁጥር ጣቶቹ እየደመቁ መጡ። በሩ ጋ ስንደርስ ወይዘሮ ጽጌ በክርናቸው ገፉት።

ከፊታችን፣ በፕላስቲኩ መጋረጃ ላይ፣ አንድ ሰው ቆሟል። ግንባር፣ አፍንጫ፣ የተከፈተ አፍ። አረንጓዴ። መጋረጃው ሲወዛወዝ እሱም ይወዛወዛል። ሄለን እየጮኸች የጋሽ ሙሉጌታ ካፖርት ውስጥ ገባች። እኔም ለጥቂት ልሮጥ ነበር፤ ለካ ፊቴ ነው፤ ስወጣ የተውኩት።

ያን ጊዜ እትዬ አስካለ ጩኸቱን ሰምተው ከወጥ ቤቱ ጓዳ መጡ። ብርሃኑ እጃቸው ላይ ሲያርፍ ሁለት ጣታቸው አበራ። ብርጭቆዬን የተቀበሉበት ነው።

«ማለቴ… ቁልፉ እኮ እሳቸው ጋ ነው» አለች ሄለን በቀስታ። «ፎርማጆው ተቆርሷል፣ ተመልከቱ። ምናልባት ከእሳቸው ወደ እሱ ተላልፎ ይሆናላ።»

«እኔ?» አሉ እትዬ አስካለ። «በልጆቼ እምላለሁ አልነካሁም! ዕቃ ነካሽ ተብዬ ልባረር ነው?»

ወይዘሮ ጽጌ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩና ጠበቁ።

እዚህ ላይ ጀግንነቴን ልተርክላችሁ በወደድኩ። ግን ሰኞ ታየኝ፤ አማቴ ታየችኝ፤ ባለቤቴ መጠየቅ የተወችው ነገር ታየኝ። «የእሳቸው ይሆናል» የሚል ቃል ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ አሁንም ሳስበው አፍራለሁ። እትዬ አስካለ ግን እጃቸውን በቀሚሳቸው ደጋግመው እየጠረጉ «አይለቅም፣ አይለቅም» ሲሉ ሰማሁ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ጠዋት ገብቼ ቆርሼ በላሁ። እሳቸው ብርጭቆዬን ነው የነኩት።»

«ዱቄቱን ያደረግኩት ፎርማጆው ላይ ብቻ ነው» አሉ ወይዘሮ ጽጌ። «መብራቱ አንተ ላይ ሲያርፍ አውቄያለሁ። እትዬ አስካለ፣ አይዞዎት፣ ወደ ሥራዎ ይግቡ።»

እፎይ ልል ስል ከጨለማው ውስጥ የጋሽ ሙሉጌታ ድምፅ መጣ።

«ፎርማጆ ነው የበላኸው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ከዚያ እጅህን ታጠብክ?»

«ሳሙና አልነበረም፤ ውኃ… አስነክቼዋለሁ።»

መሐረብ ወጥቶ አረንጓዴውን ከንፈር ሲያሸው አየሁ።

«ሚስቴን ከቀበርኩ ወዲህ አንዲት ረቡዕ አልሻርኩም» አሉ። «ለእሷ ብዬ ነበር።»

«ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ባለማወቅ ነው፤ እግዚአብሔርም አይቆጥረውም።»

«እኔ አላወቅኩም» አሉ። «አንተ ግን ታውቅ ነበር።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ብሎኬት ስንት ጊዜ ስቶኛል፤ ይህ ቃል ግን አልሳተኝም።

ዝርዝሬን ጻፍኩ። ከፎርማጆው እስከ መብራቱ፣ ቦታውንና ሰውን ጨምሮ፣ ሃያ ሦስት ነገር ወጣ። ወይዘሮ ጽጌ አንብበው «ሙሉ ነው?» አሉኝ። «ሙሉ ነው» አልኩ። «ነገ ጠዋት መጥተህ ወረቀትህን ውሰድ። ከመፈረሜ በፊት አንድ ሌሊት አሳድረዋለሁ» አሉና ዝርዝሩን ያዙት።

ጋሽ ሙሉጌታ ወደ ኡራኤል ሄዱ፤ ንስሐ አባታቸውን ሊያናግሩ። ሳይጠሩኝ ተከተልኳቸው። በባዶው ሜዳ ዳር፣ በቆርቆሮው አጥር ጥግ፣ እሳቸው ከፊት እኔ ከኋላ ሆነን ደረስን። ሰዓቱ አሥራ አንድ ነው፤ ሰው ከሥራ እየወጣ በሩ ላይ ይሳለማል። አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው የግራውን ዓምድ ሳሙ፤ ቀጥሎ አንድ ወጣት ሳመ፤ ቀጥሎ አንዲት ሴት ያዘለችውን ሕፃን አዙራ አሳለመች።

ያኔ ትዝ አለኝ። ምሳ ከመግባታችን በፊት ሁለቱን ቀድሜ እዚህ መጥቼ ነበር። ለፎርማጆው ይቅርታ ልለምን። የግራውን ዓምድ በሁለት እጄ ይዤ፣ ግንባሬን አስደግፌ ለረጅም ጊዜ ቆሜያለሁ። ሃያ ሦስቱን ስጽፍ የዓለምን ነገር ሁሉ ሳስብ ይችን አላሰብኳትም፤ ጸሎት ነው ብዬ ነው መሰለኝ።

«ምን ሆነህ ነው?» አሉ ጋሽ ሙሉጌታ።

«ይህንንም ነክቼዋለሁ፣ ጋሼ። ዝርዝሩ ላይ የለም።»

ሰኞን እንደገና አሰብኩ። ማንም አላየኝም፤ ዱቄቱም አይጎዳም። ጋሽ ሙሉጌታ የሚሳለመውን ሰው አዩ፣ እኔንም አዩ። ስልኬን አወጣሁና ለወይዘሮ ጽጌ ደወልኩ።

«አትንካው» አሉ። «መጣሁ።»

በሩብ ሰዓት ውስጥ ዝርዝሬንና መብራታቸውን ይዘው ደረሱ። ፀሐይ ነበርና ጨለማ አስፈለገን። ጋሽ ሙሉጌታ ያንን ከባድ ካፖርት ለመጀመሪያ ጊዜ አወለቁት፤ በዓምዱና በእኛ ራስ ላይ ዘረጉት። ሦስታችን ከሥሩ ገባን። ከውጭ አንዲት ሴት «ምን አግኝቶት ይሆን፣ እግዚአብሔር ይማረው» ስትል ይሰማኛል። ስለ እኔ መሆኑ ነው።

መብራቱ በራ። ሁለት እጅና አንድ ግንባር ይታየኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። የለም። ዓምዱ ጠቁሯል። ብርሃኑን ዝቅ አድርገው ሲፈልጉ ከታች፣ ማንም ጎንበስ ብሎ የማይስምበት ቦታ ላይ፣ የትንሿ ጣቴ ጫፍ ብቻ አረንጓዴ ሆና ቀርታለች።

«ቀሪው የት ነው?» አሉ ወይዘሮ ጽጌ።

ከካፖርቱ ውጭ የሰው እግር ይሰማል፤ ይመጣል፣ ቆም ይላል፣ ይሄዳል። ወደ ባምቢስ፣ ወደ ለገሃር፣ ወደየቤቱ። እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ይዞ ሄዷል፤ በከንፈሩ ላይ፤ የሕፃኑም ከንፈር ላይ። የእኔ ፊትና የእኔ እጅ አሁን የት የት ገብቶ ማንን እየሳመ እንደሆነ እግዚአብሔር ይወቀው።

«ተወስዷል» አልኩ።

ወረቀቱን ሰጡኝ። ሃያ አራተኛውን ጻፍኩ፤ «የኡራኤል በር፣ የግራው ዓምድ። ከዚያ ወዲያ የት እንደደረሰ አላውቅም።»

ወይዘሮ ጽጌ በሐምራዊው ብርሃን ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ብዕሩን ከእጄ ተቀበሉና፣ ሳያሳድሩት እዚያው ካፖርቱ ሥር ፈረሙበት።